የስሜን ተራራ እንግዶችና የባላገሩ ድርሻ

«የእግዚአብሔር እንግዳ ነኝ፤ መሽቶብኛል» ብሎ ከደጅ የቆመ መንገደኛ በአገራችን ልማድ እግሩ ታጥቦ፣ ከእራቱ ተካፍሎ፣ ከመደቡ ላይ ቁርበት ተነጥፎለት ያድራል፤ ሲነጋም ስለ ማደሪያው ሒሳብ የሚጠይቀው የለም። ይህ ከአባቶቻችን የወረስነው መልካም ልማድ ነው። ነገር ግን በአሁኑ ዘመን እንግዳን መቀበል ለብዙ አገሮች ታላቅ የሀብት ምንጭ ሆኗል። ሰዎች ተራራና ባሕር፣ የጥንት ሕንፃና የዱር አራዊት ለማየት ሲሉ ገንዘባቸውን ይዘው ከአገር ወደ አገር ይጓዛሉ፤ እነርሱንም አስተናግዶ ገቢ ማግኘት የቱሪዝም ሥራ ይባላል። አገራችንም በዚህ ሥራ ለመጠቀም ከተነሣች ከ60 ዓመት በላይ ሆኗታል።

ስለዚህ ሥራ ሲነገር ብዙ ጊዜ የምንሰማው ስንት እንግዳ እንደ ገባና ስንት የውጭ ገንዘብ እንደ ተገኘ ነው። እኛ ግን በዚህ በትምህርት ቤታችን የበዓል መጽሔት ላይ ሌላ ጥያቄ ለማንሣት ወደድን። ይኸውም፤ እንግዳው የሚመጣው ገጠሩን ለማየት ከሆነ፣ በዚያ ገጠር የሚኖረው ባላገር ከዚህ ሥራ ምን አገኘ? ስለ እርሱስ ምን ከፈለ? የሚለው ነው። ለምሳሌም የመረጥነው የስሜንን ተራራ ነው። በጽሑፋችን ያሉት ዓመታት ሁሉ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ይረዳልን።

የአገሩ ሁኔታ

ስሜን ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ይገኛል። ከጎንደር ተነሥቶ በዳባት በኩል 100 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ ሰው ደባርቅ ይደርሳል፤ ደባርቅም የተራራው በር ናት። ከዚያ ወደ ምሥራቅ፣ ሳንቃ በር፣ ግጭና ጨነቅ በሚባሉት ስፍራዎች በኩል ሲወጣ ገደሉ በግራው በኩል አብሮት ይሄዳል። ይህም ገደል በአንዳንዱ ቦታ ከ1,000 ሜትር የበለጠ ጥልቀት አለው። ከአገራችን ተራሮች ሁሉ የሚበልጠው ራስ ደጀንም በዚሁ በስሜን ሲሆን ከፍታው ከ4,500 ሜትር በላይ ነው። በውርጩ አገር ጅብራ፣ አስታና ጓሳ ይበቅላሉ። ከዱር አራዊት ወገን ዋልያ ከስሜን በቀር በዓለም ላይ መኖሪያ የለውም፤ ጭላዳ ዝንጀሮና ቀይ ቀበሮም ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኙም።

ይሁን እንጂ ስሜን የአራዊት አገር ብቻ አይደለም። ከጥንት ጀምሮ ሰው የሚያርስበት፣ የሚጸልይበትና ልጁን የሚያሳድግበት አገር ነው። ክርስቲያኑና ሙስሊሙ ጎረቤት ሆነው ኖረውበታል፤ ዛሬ ልጆቻቸው በእስራኤል አገር የሚገኙት ቤተ እስራኤልም ለብዙ መቶ ዓመታት መኖሪያቸውና ምሽጋቸው ይኸው ተራራ ነበር። ገበሬው ሌላ እህል በማይበቅልበት ብርድ ገብስ ይዘራል፤ በግና ፍየል ያረባል፤ ጭነቱን በበቅሎና በፈረስ ያጓጉዛል። ይህን አስቀድመን መናገራችን ያለ ምክንያት አይደለም። በኋላ ስለ ፓርኩ የተነሣው ጭቅጭቅ ሁሉ የመጣው፣ የውጭ ሰው ባዶ ዱር ነው ብሎ ያሰበው መሬት የሰው ርስት ስለ ነበረ ነው።

የቀድሞ መንገደኞች

ስሜንን ለአውሮፓ ሊቃውንት ካስታወቁት ሰዎች አንዱ ጀርመናዊው ኤድዋርድ ሩፔል ነው። ይህ ሰው በ1820ዎቹ ዓመታት ተራራውን አቋርጦ አለፈ፤ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላም የዋልያን፣ የጭላዳንና የቀይ ቀበሮን መልክና ጠባይ ጽፎ አሳተመ። ሊቃውንቱ ለእነዚህ አራዊት በሰጧቸው ስም ውስጥ የአገሬው ቃል እስከ ዛሬ ይሰማል። ዋልያን «ካፕራ ዋሊ»፣ ጭላዳን «ቴሮፒቴከስ ጌላዳ»፣ ቀይ ቀበሮንም የስሜን ማለት በሆነ ቃል «ካኒስ ሲመንሲስ» ብለዋቸዋል። እንግዲህ ልብ እንበል፤ ቃሉን ለሳይንስ የሰጠው የአገሩ ሰው ነው፤ አራዊቱ የሚውሉበትን ገደል ያሳየውም፣ ጭነቱን በበቅሎ የጫነውም እርሱ ነው። የሩፔል ስም በመጽሐፍ ሲነገር ይኖራል፤ መንገድ የመራው የስሜን ሰው ስም ግን አይታወስም።

ስሜን በመንግሥታችን ታሪክም ታላቅ ስፍራ አላት። ደጃዝማች ውቤ በጃናሞራ ውስጥ ደረስጌ በተባለው ስፍራ የማርያምን ቤተ ክርስቲያን አሠርተው ነበር፤ የሕንፃውንም ሥራ የመራው የዕፅዋት ተመራማሪው ጀርመናዊ ሺምፐር ነው። በየካቲት ወር 1847 ዓ.ም. ግን ደጃች ካሣ ውቤን በደረስጌ ውጊያ ድል ነሡ፤ በሁለተኛውም ቀን በዚያችው ቤተ ክርስቲያን ዳግማዊ ቴዎድሮስ ተብለው በአቡነ ሰላማ እጅ ነገሡ። የአገራችን አዲስ ዘመን የተጀመረበት ይህ ስፍራ ከጎብኚዎች መንገድ ብዙ ባይርቅም፣ ዋልያን ሊያዩ ከሚመጡት እንግዶች ብዙዎቹ ሳያዩት ይመለሳሉ።

የፓርኩ መቋቋም

በ1954 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ቱሪስት ድርጅት ተቋቋመ። ሥራውን የመሩት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ሲሆኑ፣ «የ13 ወር ፀጋ» የሚለውን መፈክር ያወጡትና የአገራችን ቱሪዝም አባት የተባሉት እርሳቸው ናቸው። በዚያን ጊዜ አክሱምን፣ ላሊበላን፣ ጎንደርንና ባሕር ዳርን የሚያገናኝ የታሪክ ጉዞ ተዘጋጅቶ አውሮፕላን እንግዶችን ከከተማ ወደ ከተማ ያመላልስ ጀመር። ስሜን ደግሞ ጣልያኖች በወረራው ዘመን በሊማሊሞ ገደል ላይ የሠሩት የመኪና መንገድ አጠገቧ ስለሚያልፍ፣ ከጎንደር ተነሥቶ ሊደርሱባት የምትቻል ሆነች።

በ1950ዎቹ አጋማሽ የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት፣ ማለት ዩኔስኮ፣ በሰር ጁሊያን ሀክስሊ የሚመራ የባለሙያዎች ቡድን ወደ አገራችን ልኮ ነበር፤ ቡድኑም የዱር አራዊታችን ሳይጠፋ እንዲጠበቅ መከረ። ከዚያም በጥቅምት ወር 1962 ዓ.ም. የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በሕግ ታወጀ። ስፋቱ በመጀመሪያ 136 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነበር፤ በኋላ ግን ሰፍቶ 412 ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኗል። በ1970 ዓ.ም. መጨረሻ ዩኔስኮ የዓለም ቅርሶችን መዝገብ ሲከፍት ከመጀመሪያዎቹ 12 ስፍራዎች መካከል ሁለቱ የኢትዮጵያ ሆኑ። እነርሱም የላሊበላ አብያተ ክርስቲያናትና የስሜን ፓርክ ናቸው። በዚያው ቀን አብረው ከተመዘገቡት ውስጥ የአሜሪካው የሎስቶንና የኤኳዶር ደሴቶች ጋላፓጎስ ይገኛሉ። ለአገራችን ይህ ታላቅ ክብር እንደ ነበር አያጠራጥርም።

የክብሩ ዋጋ

ነገር ግን ሕጉ ሲወጣ በፓርኩ ክልል ውስጥ መንደሮች ነበሩ። ገበሬው አባቱ ያረሰውን ማሳ ሲያርስ፣ አባቱ ያሰማራበት መስክ ላይ ከብቱን ሲያሰማራ፣ አባቱ ከቆረጠበት ዱር እንጨት ሲቆርጥ ሕግ አፍራሽ ተባለ። በ1971 ዓ.ም. ግድም በሰሜኑ ገደል ሥር ከነበሩት መንደሮች ሰዎች በግድ እንዲነሡ ተደረገ። ከዚያም በእርስ በርስ ጦርነት ምክንያት ጥበቃው ተበተነ፤ እንግዳውም ቀረ። እስከ 1983 ዓ.ም. ድረስ ተራራው የጦር ሜዳ ሆኖ ቆየ። በዚያ ጊዜ ብዙ ሕዝብ ፓርኩን የሚያየው መሬቱን እንደ ነጠቀው ባላንጣ እንጂ እንደ ራሱ ሀብት አልነበረም።

በ1989 ዓ.ም. ዩኔስኮ ስሜንን በአደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች መዝገብ አገባት። ምክንያቶቹም የዋልያ ቁጥር መቀነሱ፣ እርሻና ግጦሽ ወደ ዱሩ መግፋቱ፣ ከደባርቅ ወደ መካነ ብርሃን የሚያልፈውም የመኪና መንገድ ፓርኩን መቁረጡ ነበሩ። በዚህ ላይ ሁለት ዓይነት አስተያየት ሊሰጥ ይቻላል። አራዊቱን የሚጠብቀው ሰው፣ «ዋልያ ከዚህ ከጠፋ ከዓለም ጠፋ ማለት ነው፤ ገብስ ግን በሌላ ስፍራም ይበቅላል» ይላል፤ ቃሉም እውነት ነው። የጃናሞራ ሰው ደግሞ፣ «በዚያ መንገድ የሚያልፈው በምጥ የተያዘች ሴት፣ የታመመ ልጅና የገበያ እህል ነው፤ እኛስ የማን ቅርስ ነን?» ይላል፤ የእርሱም ቃል እውነት ነው። ለዚህ ክርክር የተገኘው መልካም መፍትሔ መንገዱን መዝጋት ሳይሆን፣ ከፓርኩ ውጭ የሚያልፍ ሌላ መንገድ መሥራት ሆነ። ዋልያም አልተጎዳ፤ በሽተኛም አልቀረ። ትዕግሥትና ገንዘብ ካለ ሁለቱን እውነቶች አስታርቆ መሥራት እንደሚቻል ከዚህ እንማራለን።

እንጀራ የሆነው ሥራ

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ እንግዳው እንደገና መምጣት ሲጀምር የባላገሩ ድርሻ በጥቂት በጥቂቱ መታየት ጀመረ። ወደ ተራራው የሚወጣ እንግዳ በደባርቅ ተመዝግቦ የመግቢያ ዋጋ ይከፍላል፤ ጠብመንጃ የያዘ የአገሩ ተወላጅ ጠባቂ ከእርሱ ጋር ይሄዳል። ቋንቋ የተማሩ የደባርቅ ወጣቶች በማኅበር ሆነው መንገድ መሪነት ያዙ። ሌሎችም ወጥ ቤት ሆኑ፤ ድንኳንና የመኝታ ዕቃ ያከራዩ ጀመር። በቅሎና ፈረስ ያላቸው ገበሬዎች ተራ ገብተው ጭነት ይጭናሉ።

ይህን የተራ ሥርዓት በተለይ ልናመሰግነው ይገባል። ተራ ባይኖር ኖሮ ሥራው ሁሉ ከሆቴል በር ላይ ቀድሞ በተገኘው ወይም የሚያውቀው ሰው ባለው እጅ ይወድቅ ነበር። ተራ ካለ ግን ዛሬ አንዱ፣ ነገ ሌላው ያገኛል። «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ» የሚለው የአባቶች ተረት በዚህ ሥራ ተፈጽሞ ይታያል። ከበቅሎ ኪራይ የሚገኘው ገንዘብ ብዙ ባይሆንም ለገበሬው ቤት የጨው፣ የልብስና የደብተር መግዣ ይሆናል። ከሁሉም በላይ ግን የሰውን ልብ ይለውጣል። በበቅሎው እንግዳ ጭኖ ልጁን ያስተማረ ሰው ዋልያ ሲገደል ቢያይ ዝም አይልም።

ሆኖም ጉድለቱንም መሸሸግ አይገባም። አንደኛ፣ ጥቅሙ የሚደርሰው በመንገዱ ዳር ላሉት መንደሮች ሲሆን፣ ከገደሉ ሥር ያለው ቆላ ብዙ ጊዜ አንዳች አያገኝም። ሁለተኛ፣ እንግዳው የሚበዛው ክረምቱ ካለፈ በኋላ ነው፤ ይህም ገብሱ የሚታጨድበትና የሚወቃበት ጊዜ ስለ ሆነ በቅሎውና ጕልበቱ በሁለት ሥራ ይወጠራሉ። ሦስተኛ፣ ሴቶች በዚህ ሥራ ያላቸው ስፍራ ጠባብ ነው፤ መንገድ መሪዎቹም ሆኑ ጠባቂዎቹ አብዛኛዎቹ ወንዶች ናቸው። እንግዳው የሚጠጣውን ቡና የምታፈላው፣ የሚበላውን እንጀራ የምትጋግረው ግን የባላገሩ ሚስት ናት።

የግጭ ሰዎች

ከታሪኩ ሁሉ ልብ የሚነካው የግጭ መንደር ነገር ነው። ግጭ ከሳንቃ በር ማዶ፣ በፓርኩ መካከል የነበረች መንደር ስትሆን ሕዝቧ ገብስ እያረሰና ከብት እያረባ የሚኖር ነበር። በተራራው የሚዞሩ እንግዶችም ከመንደሯ አጠገብ ድንኳን ይተክሉ ነበር። ፓርኩ ከአደጋ መዝገብ እንዲወጣ በዱሩ ውስጥ ያለው እርሻና ግጦሽ መቀነስ ስለ ነበረበት፣ ከብዙ ዓመት ንግግር በኋላ በ2008 ዓ.ም. 418 የግጭ አባወራዎች ካሣ ተሰጥቷቸው ወደ ደባርቅ ከተማ ተዛወሩ። በሚቀጥለው ዓመት በ2009 ዓ.ም. የዓለም ቅርስ ኮሚቴ በፖላንድ አገር በክራኮው ከተማ ተሰብስቦ ስሜንን ከአደጋ መዝገብ ሰረዘ። ግጦሹ ቀንሶ፣ ሌላው መንገድ ተሠርቶ፣ የዋልያና የጭላዳም ሁኔታ ተሻሽሎ ስለ ተገኘ ነው።

እንግዲህ አገሪቱ ደስ አላት፤ ደስታውም ተገቢ ነበር። ነገር ግን ለዚህ ደስታ ዋጋውን የከፈለው ማን ነው ብለን ብንጠይቅ፣ ከሁሉ የበለጠ የከፈለው የግጭ ሰው ነው። ገበሬ የነበረ ሰው በከተማ ዳር ሲሰፍር ገንዘቡ ያልቃል፤ ማረሻውም ሥራ ይፈታል። ቤት በካሣ ይሠራል፤ ሙያ ግን በካሣ አይገዛም፤ በትምህርትና በጊዜ ይገኛል እንጂ። ስለዚህ ስሜን ከአደጋ ወጣች ብለን በምንናገርበት ጊዜ ሁሉ የእነዚህን 418 ቤተ ሰቦች ስም አብረን ማንሣት ይገባናል። ልጆቻቸው በመንገድ መሪነት፣ በእንግዳ ማረፊያና በፓርኩ ጥበቃ ሥራ ከሌላው አስቀድመው ሊታሰቡ የሚገባቸው፣ በምጽዋት ሳይሆን በመብት ነው።

እሳቱ፣ ወረርሽኙና ጦርነቱ

በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. በፓርኩ ውስጥ እሳት ተነሥቶ ጓሳውንና አስታውን በላ። ከእስራኤል አገር የእሳት አደጋ ባለሙያዎች፣ ከኬንያም ሄሊኮፕተር መጥተው ረዱ፤ ለእነርሱም ምስጋና ይገባል። ነገር ግን ሄሊኮፕተሩ ከመድረሱ በፊት ቅጠልና አፈር ይዞ ወደ እሳቱ የወጣው የአገሩ ሕዝብ ነበር። ቀድሞ ፓርኩን እንደ ባላንጣ ያይ የነበረው አገር እሳት ሲነሣበት ለማጥፋት መውጣቱ፣ ከዚህ ሥራ የተገኘውን ትርፍ ከገንዘቡ ይልቅ ያሳያል።

ከዚያ ወዲህ የመጣው ግን ለሰው ጕልበት የከበደ ሆነ። ከመጋቢት 2012 ዓ.ም. ጀምሮ የኮሮና ወረርሽኝ የዓለምን መንገድ ዘጋ። በሚቀጥለው ዓመት ጦርነት ተነሣ፤ በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ውጊያው ዳባትና ደባርቅ አካባቢ ደርሶ ከአዲ አርቃይና ከሌሎችም ስፍራዎች የተፈናቀለ ሕዝብ በደባርቅ ተጠለለ። ከዚያም በ2015 ዓ.ም. መጨረሻ በአማራ ክልል ሌላ ግጭት ተቀሰቀሰ። እንግዳ በቀረ ጊዜ መንገድ መሪው፣ ወጥ ቤቱና ባለ ድንኳኑ ባዶ እጃቸውን ቀሩ። ከእነርሱ ይልቅ የተሻለ የሰነበተው ማሳውን ያልተወው ባለ በቅሎ ነው፤ በቅሎው ለእንግዳ ባይጭን ለገበያ ይጭናልና። ይህ ታላቅ ትምህርት ነው። ቱሪዝም ለገጠር ቤት ደጋፊ ምሰሶ ይሁን እንጂ ብቸኛ ምሰሶ ሊሆን አይገባም።

ወደፊት ምን ይደረግ?

ሰላም ካልወረደ እንግዳ እንደማይመጣ ሕፃን እንኳ ያውቀዋል። ሰላም በወረደ ጊዜ ግን ሥራው እንደ ቀድሞው እንዲቀጥል ብቻ መመኘት አይበቃም። በእኛ አሳብ አራት ነገሮች ያስፈልጋሉ።

በመጀመሪያ፣ ከመግቢያው ዋጋ ለመንደሮቹ የሚሰጠው ድርሻ በግልጽ ተቈርጦ ይታወቅ፤ በየዓመቱም ስንት እንደ ገባና በምን ሥራ ላይ እንደ ዋለ ለቀበሌው ሕዝብ በስብሰባ ይነበብ። የማያውቁትን ድርሻ ማንም እንደ ድርሻው አይቆጥረውም። ሁለተኛ፣ የደረስጌ ማርያምና የመሰሏት የታሪክ ስፍራዎች በጉዞው ውስጥ ይግቡ፤ እንግዳው አንድ ቀን ጨምሮ ቢቆይ፣ ሌላ መንደር አንድ ቀን ገቢ ያገኛል። ሦስተኛ፣ ለእንግዳው የሚቀርበው ምግብ ከሩቅ ከተማ ተጭኖ ከሚመጣ፣ የአገሩ ገብስ፣ ማር፣ እንቁላልና በግ ይገዛ፤ የሴቶቹም የስፌትና የጥጥ ፈተል ሥራ ገበያ ይፈለግለት። እንዲህ ከሆነ ተራራውን የማይወጣ ሰውም ከእንግዳው ይጠቀማል። አራተኛ፣ በስሜን ትምህርት ቤቶች የአገሩ ታሪክ፣ ስለ ዕፅዋቱና ስለ አራዊቱ ያለው ዕውቀት፣ የውጭ ቋንቋም በደንብ ይሰጥ። ልጆች ከመንገድ ዳር ቆመው ብርና እስክሪብቶ መለመናቸው የሚቀረው በቍጣ አይደለም፤ የሚያስከብር ሥራ ከፊታቸው ሲያዩ ነው።

ይህ የመጨረሻው ነገር እኛን ተማሪዎቹን ይመለከታል። ከዚህ ትምህርት ቤት ወጥተን አንዳንዶቻችን መሐንዲስ፣ አንዳንዶቻችን መምህር፣ አንዳንዶቻችን ነጋዴ ልንሆን እንችላለን። መሐንዲስ የሆነው በዱሩና በበሽተኛው መካከል ሌላ መንገድ እንዳለ ያስብ፤ መምህሩ የደረስጌን ታሪክ ለደረስጌ ልጆች ያስተምር፤ ነጋዴውም ባለ በቅሎውን ተራውን አይቀማው።

የዛሬ 200 ዓመት ገደማ ሩፔልን የመራው የስሜን ሰው ስሙ ሳይጻፍ ቀርቷል። ዛሬ ተራራውን የሚመሩት፣ እሳቱን ያጠፉት፣ ስለ ዋልያም ብለው ቤታቸውን የለቀቁት ሰዎች እንዲሁ እንዳይረሱ መጻፍ የእኛ ትውልድ ሥራ ነው። አባቶች «ያገሩን ሰርዶ ባገሩ በሬ» ይላሉ፤ የስሜንም ሀብት የሚለማው የስሜን ሰው አብሮ ሲመክርበትና አብሮ ሲበላበት ነው።